ለጥምቀት ጎንደር ለምትመጡ፦ የጉዞ ካርድ ስትመርጡ

ከአሜሪካ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የምትመጡ እህት ወንድሞች፣ የጉዞ ነጥብ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ልታወጡ ካሰባችሁ፣ ካርዱ ለአዲስ ደንበኛ ከሚሰጠው የነጥብ ጉርሻ ብዛት በፊት ነጥቡ ወደ የትኛው አየር መንገድ እንደሚዛወር እዩ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ዩናይትድና ኤር ካናዳ ሁሉ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ስለዚህ በዩናይትድ ወይም በኤር ካናዳ ማይል (የአየር መንገዱ የራሱ ነጥብ) የእኛን አየር መንገድ ትኬት መቁረጥ ይቻላል። ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድን የመሰለ ካርድ ነጥቡ ወደ ዩናይትድ ይዛወራል። የካፒታል ዋን የጉዞ ካርዶች ነጥብ ደግሞ ወደ ኤር ካናዳ ይሄዳል። የዴልታ ካርድ ግን፣ ጉርሻው ቢያጓጓም፣ ለዚህ መንገድ አልመክረውም። ዴልታ ያለው በሌላ ኅብረት፣ በስካይቲም ውስጥ ነው።

በማይል ስትፈልጉ መድረሻችሁን አዲስ አበባ ብቻ አትበሉ። እስከ ጎንደር በአንድ ትኬት ሞክሩ፤ ቦታ ከተገኘ የአገር ውስጡ በረራ አብሮ ይገባል። ጥር 11 ሲቃረብ ከተማው ስለሚጨናነቅ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት።

ብዙ ካርዶች ውጭ አገር ሲከፈልባቸው 3 በመቶ ገደማ ይቆርጣሉ፤ ይህ ክፍያ የሌለውን ምረጡ። እዚህ ደርሳችሁ ብር ከኤቲኤም ስታወጡም ክሬዲት ካርዱን አትጠቀሙ። እንደ ብድር ስለሚቆጠር ወለዱ የሚጀምረው ከዚያው ቀን ነው። ለዚህ ዴቢት ካርድ ያዙ። በየወሩ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ የማትከፍሉ ከሆነ ደግሞ የነጥብ ካርዱ ይቅርባችሁ፤ ወለዱ ከነጥቡ ይበልጣል።