የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ለኩ
ኮምፒውተር ራሳችሁ የምትገጣጥሙ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ስንት ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የሲፒዩ (የዋናው አስሊ ቺፕ) ማቀዝቀዣ እንደሚችል እዩ። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን የሆነው ረጅሙ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 160 ይደርሳል፤ ኬዙ ካልቻለው የጎን ክዳኑ አይገጥምም። ራማችሁ (ከሲፒዩው ጎን የሚሰካው የማስታወሻ ካርድ) ረጅም ከሆነ ደግሞ ፋኑ ከፍ ተደርጎ ስለሚታሰር ቁመቱ ይጨምራል።

የሲፒዩው ካርቶን ላይ የተጻፈውን ዋት ብቻ አትመኑ፦ 65 ዋት የተባለ ራይዘን (የኤኤምዲ ሲፒዩ) ሥራ ሲበዛበት 88 ዋት ድረስ ይስባል። ለዚህ ባለ ፋኑ ማቀዝቀዣ ከበቂ በላይ ነው፤ በውኃ የሚሠራ አያስፈልገውም።

በውኃ የሚሠራውን ከመረጣችሁ ግን የራዲያተሩ (የውኃውን ሙቀት የሚያስወጣው ክፍል) የላይ ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ይበል። አለዚያ አየር ፓምፑ ውስጥ ይጠራቀምና ይንጫጫል፣ ቶሎም ይበላሻል። ከመግጠማችሁ በፊት (ስንቱ ይረሳዋል!) ከማቀዝቀዣው ሥር የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ላጡት።