እጩ መምህራንን ኮምፒውተር ስታለማምዱ በወርድ አትጀምሩ

ኮተቤም ሆነ ሌላ ቦታ መምህራን የምታሰለጥኑ፣ ወይ ደግሞ ካራና ለገጣፎ አካባቢ ሃይስኩል ላይ ለፕራክቲከም (ለማስተማር ልምምድ) የሚመጡ ልጆችን ተቀብላችሁ የምታግዙ ሜንተሮች፣ ስልጠናውን በወርድና በፓወርፖይንት አትጀምሩት እባካችሁ። ሰልጣኙ ጽሁፍ ማድመቅ ስለቻለ ክፍል ገብቶ ምን ያስተምርበታል?

መጀመሪያ ከራሱ ሰብጀክት ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት የሚያስቸግረውን አንድ ርዕስ ይምረጥ። የሂሳቡ ልጅ ጂኦጀብራ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የኳድራቲክ ግራፍ ቁጥሩ ሲቀየር እንዴት እንደሚጠብና እንደሚገለበጥ ያሳይ፣ የፊዚክሱ ደግሞ ፌት (PhET) ከሚባሉት የሳይንስ ሲሙሌሽኖች የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ይውሰድ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ መያዝ ይቻላል፣ ፍላሹን ግን ቫይረስ ስካን ሳያደርግ ት/ቤቱ ማሽን ላይ እንዳይሰካ።

ከዛ የት/ቤቱን ኮምፒውተር ላብ ቀድሞ ሄዶ ይየው። ስንቱ ማሽን ይሰራል፣ ዊንዶውሱ ስንት ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ እነዚህን ሳያውቅ የሚጻፍ ሌሰን ፕላን ወረቀት ብቻ ነው።

ዋናው ልምምድ ማይክሮ ቲቺንግ (ጓደኞቹን እንደ ተማሪ አስቀምጦ አጭር ትምህርት ማስተማር) ላይ ነው፣ እዚህ ጋ ጊዜ ስጡት። ጓደኞቹን ለአራት አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጧቸው፣ ምክንያቱም እሱም የሚገባበት ክፍል እንደዛ ነው የሚሆነው። አንዱ ማውዝ ይይዛል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ የቀሩት ውጤቱን ቀድመው ገምተው ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ በየጥቂት ደቂቃው ይቀያየራሉ። ካልተቀያየሩ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ብቻ ይነካካና ሌላው ተመልካች ሆኖ ይወጣል፣ በተለይ ሴቶቹ ወደኋላ እንዳይገፉ ሰልጣኙ አይኑን ይጣልበት። መሀል ላይ ደግሞ ሳትነግሩት ፕሮጀክተሩን አጥፉበት! መብራት ሲሄድ ያንኑ ትምህርት በጠመኔ መቀጠል ካልቻለ ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው፣ ደግማችሁ አሰሩት።

አማርኛ ታይፕ ማድረግ ኪማን በሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ቶሎ ይለመዳል፣ ብዙ አትቆዩበት።

ኤክሴል ላይ ግን ቆዩ። ማርክ ሊስትና ሮስተር (የክፍሉ ተማሪዎች የሁሉም ትምህርት ውጤት ማጠቃለያ) ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ስራው ነው። ድምርና አማካይ ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደረጃ ላይ ነው፣ የራንክ ፎርሙላውን ወደታች ሲጎትተው የነጥቦቹ ክልል አብሮ ስለሚንሸራተት አንድ ክፍል ውስጥ ውጤታቸው የተለያየ ሁለት ሶስት አንደኛ ይወጣል። ክልሉን መርጦ ኤፍ4 ተጭኖ በዶላር ምልክት ይቆልፈው፣ ከዛ የመጨረሻዎቹን ተማሪዎች ደረጃ በእጁ ቆጥሮ ያመሳክር፣ ካርድ ላይ ከመጻፉ በፊት።