ቀላል የአንድ ሰው ድንኳን ለክረምትና ለደጋ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሐምሌ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ሰሜን ቀና ብላችሁ ብታዩ እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ ነው የሚውለው። ከተማችን 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ይጠጋል። በዚህ ልዩነት ብቻ ሙቀቱ አምስትና ስድስት ዲግሪ ይወርዳል። ጓሳን፣ ሰሜን ተራሮችንና ባሌን ስታስቡ ነገሩ ይከብዳል። የባሌው ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ እንኳ ሌሊቱ ውኃን በረዶ ያደርጋል። ሱቅ ውስጥ ተዘርግቶ ያማረ ድንኳን እዚያ ላይ ሌላ ጠባይ ያወጣል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ ድንኳኑ ሲከዳው ጫፉን አብሮ የሚይዝለት የለም።

ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ክብደቱን ነው። ክብደት ያሳስባል፤ በእኔ አስተያየት ግን ሦስተኛ ነው። መጀመሪያ ነፋስ የሚችል ቅርጽ፣ ቀጥሎ ዝናብ እየዘነበ ውስጡ ሳይረጥብ የሚተከል አሠራር፣ ከዚያ ክብደት። ለምን እንደሆነ የሚገባው ድንኳን በምን በምን እንደሚበላሽ ሲታይ ነውና ከምልክቶቹ እንነሳ።

ጠዋት ውስጡ ርሶ ተገኘ

ወዲያው "አፈሰሰ" ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያፈሰሰ ነገር የለም፤ ድንኳኑ አልቦት ነው። ቆርቆሮ ቤት ያደገ ያውቀዋል፦ ዝናብ በሌለበት የብርድ ሌሊት ከጣሪያው ጠብታ ይወርዳል። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው ብቻ በአንድ ሌሊት ሩብ ሊትር ያህል ውኃ ያወጣል። የረጠበ ጃኬትና ካልሲ አብሮ ካደረ ይብሳል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ያርፍና ውኃ ይሆናል።

መለየቱ አያስቸግርም። ላብ ከሆነ ሸራው ከዳር እስከ ዳር ይረጥባል፤ ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ደግሞ ይብስበታል። የሚያፈስ ከሆነ ውኃው ከአንድ መስመር ወይም ከአንድ ነጥብ ይመጣል። እርግጠኛ ለመሆን ዝናብ በሌለበት ሌሊት ግቢያችሁ ውስጥ ተክላችሁ እደሩበት። ጠዋት ከረጠበ ነገሩ ላብ ነው።

መፍትሄው አየር ነው። ዘነበ ብላችሁ የአየር መውጫዎቹን አትድፈኑ። የበረንዳውን፣ ማለትም ሸራው ከመግቢያው ፊት የሚሸፍነውን ቦታ፣ ዚፕ ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዉት። እርጥብ ልብስ በረንዳው ላይ ይደር። ወንዝ ዳርና ሸለቆ ሥር አትትከሉ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሌሊት ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። ትንሽ ፎጣ ያዙና ጠዋት ዕቃ ከመነካካታችሁ በፊት ሸራውን ከውስጥ ጥረጉት።

ስትገዙ ለእኛ ደጋ ድርቡን እመርጣለሁ፤ የውጪ ሸራና ለብቻው የቆመ ውስጠኛ ክፍል ያለውን። ያኔ ላቡ የውጪው ሸራ ላይ ይቀራል እንጂ እናንተን አይነካም። ነጠላው ጥቂት መቶ ግራም ይቀንሳል፣ ለደረቅ አገርም ጥሩ ነው። በነሐሴ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከእርጥብ ግድግዳ ጋር ስትተሻሹ ታድራላችሁ። ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ሙሉ በሙሉ የአጎበር መረብ ከሆነ ነፋሱ እንዳለ ያልፋል። ከታች እስከ ወገብ ጨርቅ፣ ከላይ መረብ የሆነውን ፈልጉ።

ውኃው የሚንጠባጠበው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው

ይሄ ማፍሰስ ነው፤ ጥፋተኛው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ስፌቱ ነው። ጨርቁ ራሱ እምብዛም አያሳልፍም። መለያው ላይ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ጨርቁ ላይ ያን ያህል ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ ቢቆም ማሳለፍ ይጀምራል ማለት ነው። ለጣሪያ 1,500 ይበቃል። ለወለል ግን 3,000ና ከዚያ በላይ ይሻላል፤ እርጥብ መሬት ላይ በጉልበት ስትንበረከኩ የሚያርፈው ጫና ከዝናብ ጠብታ ይበልጣልና። መርፌ የበሳው ቀዳዳ ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ባዶውን ድንኳን ትከሉና ከስፌቶቹ ሥር ሶፍት ደርድሩ፤ ከዚያ በጎማ ውኃ አውርዱበት። ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰፈር ከሆናችሁ አንድ ከሰዓት የሐምሌ ዝናብ ሥራውን ይሠራላችኋል። የረጠበው ሶፍት ቦታውን ያሳያችኋል።

አደፋፈኑ የሚወሰነው በጨርቁ ቅብ ነው። ተራ ፕላስተር ለጥፉበት። አልይዝ ብሎ ከወደቀ ቅቡ ሲሊኮን ነው። ለዚህኛው ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገኘው ቀለም የሌለው ንጹህ ሲሊኮን ይሆናል። በትንሽ አኳራጅ አቅጥኑትና ስፌቱ ላይ በብሩሽ ቀቡት። ሥራው ደጅ ይሁን፣ ሽታው ራስ ያዞራል። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፤ ከዚያ ሲታጠፍ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ታልክ ፓውደር ነስንሱበት። ፕላስተሩ ከያዘና ስፌቱ ከውስጥ በኩል በፋብሪካ በተለጠፈ ጥብጣብ ከተሸፈነ ቅቡ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ሲሊኮን እሱ ላይ አይጸናም፤ ለፖሊዩሬቴን የተሠራ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል።

ወለሉ ከሥር ይረጥባል

ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ወለሉን ለመጠበቅ ከሥር የተነጠፈው ላስቲክ ነው። ጠርዙ ከድንኳኑ ውጪ ትንሽ ብቅ ካለ የዝናቡን ውኃ ይሰበስብና ወደ ሥር ይነዳዋል። ከወለሉ በየጎኑ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አሳጥራችሁ ቁረጡት።

ሌላው ምክንያት ጠጠርና ጠንካራ መሬት ላይ የወደቀ ጠብታ ነጥሮ በውጪው ሸራ ጠርዝ ሥር መግባቱ ነው። ሣር ላይ ትከሉ፣ ጠርዙንም ወደ መሬት አስጠጉ። ስትገዙ የወለሉ ጨርቅ በዙሪያው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ የታጠፈ መሆኑን እዩ።

ሌሊት ሸራው ረግቦ ይወርዳል

ስትተኙ ውጥር ያለው ሸራ እኩለ ሌሊት ላይ ፊታችሁን ይነካል። ድንኳኑ የተሠራው ከናይለን ከሆነ አትደንግጡ፤ ናይለን ውኃ ሲጠጣ ይለጠጣል። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ገመዶቹን ሁሉ ጥበቅ አድርጉ። ፖሊስተር በውኃ እምብዛም አይለጠጥም፤ በፀሐይም ቢሆን ከናይለን የተሻለ ይቆያል። ከፍታ ላይ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ናይለን በተመሳሳይ ክብደት ሲቀደድ የበለጠ ይችላል። ለክረምት ጉዞ እኔ ወደ ፖሊስተሩ አደላለሁ።

ነፋሱ ድንኳኑን አጎበጠው ወይም ዘንጉን ሰበረው

ከዝናብ ይልቅ የምፈራው ይሄን ነው። የረጠበ ሰው ይበርደዋል፤ ድንኳኑ የተሰበረበት ሰው ግን በሌሊት ሜዳ ላይ ይቀራል።

አንደኛው ምክንያት ዘንጉ ነው። ርካሽ ድንኳኖች የሚመጡት በፋይበር ግላስ ዘንግ ነው። ፋይበር ግላስ ከብዶም በብርድና በነፋስ ተሰንጥቆ ይበጣጠሳል። አሉሚኒየም ግን ብዙ ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ጎብጦም ያሳድራል። በአሥራ ምናምን ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ፣ ከዘንጉ ትንሽ ሰፋ ያለ የአሉሚኒየም ቱቦ ሁልጊዜ ያዙ። ዘንጉ ቢሰበር ስብራቱ ላይ አልብሳችሁ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ትጠቀልላላችሁ፤ ሌሊቱ በዚያ ያልፋል።

ሁለተኛው ቅርጹና አቀማመጡ ነው። ረዘም ያለው ዋሻ መሰል ድንኳን ጠባብ ጫፉን ለነፋስ ከሰጣችሁት ብርቱ ነው፤ ጎኑን ከሰጣችሁት ይተኛል። ሁለት ዘንግ ተሻግሮ የሚቆመው ጉልላት ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ይሻላል፣ ያለ ካስማም ይቆማል። በእግር ጉዞ ዱላ የሚቆመው ሾጣጣ ድንኳን ከሁሉም ይቀላል፤ ዳገት ለሚወጣ ሰው ዱላው በእጁ ስላለ ዘንግ መሸከም ይቀርለታል። በደንብ ከተወጠረ ነፋስ ይችላል። ጥንካሬው ሁሉ ያለው ግን ካስማው ላይ ነው፤ አንዱ ሲነቀል ቤቱ አብሮ ይወርዳል።

ሦስተኛው ስንፍና ነው። ወጣሪ ገመዶቹ ሳይፈቱ ከረጢት ውስጥ ይቀራሉ። አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጸጥ ቢልም ሁሉንም አስሩ። ዛፍ በሌለበት ደጋ ቋጥኝን ወይም ጉብታን ከነፋሱ መምጫ በኩል አድርጉ። ቦታ መምረጥ ግን ሁልጊዜ በእጃችሁ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የምትጓዙት ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ነው፤ የምታድሩትም በተፈቀዱት ሰፈሮች ነው። ከፓርክ ውጪ ደግሞ መሬቱ የገበሬው ግጦሽ ነውና ሳይመሽ ለአካባቢው ሰው ተናግራችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ካስማው ይነቀላል

ከድንኳኑ ጋር የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦ ካስማዎች ክረምት ላይ ጥቁር መረሬ አፈር ውስጥ አይጸኑም፤ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ይለቃቸዋል። ሦስት ክንፍ ያላቸው የአሉሚኒየም ካስማዎች ይያዙ። ካጣችሁ ምናለሽ ተራ ካሉት ብረት ሠራተኞች አንዱ ከማዕዘን ብረት ሊቆርጥላችሁ ይችላል፤ ክብደቱ ግን ስለሚጨምር ነፋስ ለሚመታው በኩል አራቱን ብቻ ውሰዱ። ጫፋቸው ወደ ድንኳኑ ሳይሆን ወደ ውጪ የተዘመመ ይሁን ብሎ የሚመክር አለ፤ ትክክለኛው አናታቸው ከድንኳኑ ርቆ ጫፋቸው ወደ ድንኳኑ ሥር መግባቱ ነው። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። ካስማ የማይገባበት አለት ላይ ገመዱን በትልቅ ድንጋይ ዙሩት።

ግቢያችሁ ኮብልስቶን ከሆነና መሞከር ከፈለጋችሁ ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንደ ካስማ ያገለግላል። 20 ኪሎ ነው፣ ይይዛል።

ገና ሲተከል ውስጡ ረጠበ

ብዙ ድንኳኖች የሚተከሉት ውስጠኛው ክፍል ቀድሞ ነው። ዶፍ ሲወርድ የውጪውን ሸራ እስክታለብሱት ድረስ ወለሉ ኩሬ ይሆናል። የውጪው ሸራ ቀድሞ የሚቆምበትን፣ ወይም ሁለቱ ተያይዘው በአንድ ጊዜ የሚነሱበትን ምረጡ። ክረምታችን ከሰዓት ላይ ድንገት የሚወርድ ነውና ይህን ከ200 ግራም ቅናሽ አስበልጠዋለሁ።

"አንድ ኪሎ" የተባለው ከበደ

ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ካስማውን፣ ገመዱንና ከረጢቱን አይጨምርም። ሻጩን ሚዛን ጠይቁት፣ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጡ። ለአንድ ሰው፣ ለመጥፎ አየር፣ ድርብ ሆኖ ከ1.2 እስከ 1.7 ኪሎ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ያለው የቀነሰው ከየት እንደሆነ ጠይቁ፦ ከጨርቁ ውፍረት ነው፣ ከዘንጉ ወይስ ከስፋቱ?

እግር በኩል ስሊፒንግ ባጉ ይረጥባል

ድንኳኑ አጥሯችኋል። ፍራሹ ከፍ ሲያደርጋችሁ እግራችሁ ተዳፋቱን ሸራ ይነካል። ቁመታችሁ 1.80 ከሆነ የውስጡ ርዝመት 2.20 ሜትር ይጠጋ። ከነፍራሻችሁ ሱቅ ሄዳችሁ ተኙበት፤ አያሳፍርም። ለጊዜው የዝናብ ልብሳችሁን እግር በኩል ደርቡበት።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብርት

ድንኳን ውስጥ እሳት ካለ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ወዲያው ውጡ። ከሰልም ሆነ ቡታጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። የዝናብ ሸራ አየር አያስገባም። ምግብ የሚበስለው ደጅ ነው። ከበረዳችሁ ትኩስ ውኃ ኮዳ ውስጥ ሞልታችሁ፣ በደንብ ከድናችሁ እግራችሁ ሥር አስገቡ።

ከከረጢቱ ሲወጣ ይጣበቃል፣ ይሸታል

እርጥብ እንደታጠፈ የተቀመጠ ድንኳን የፖሊዩሬቴን ቅቡ ይፈርሳል፤ ይጣበቃል፣ ይላጣል፣ ይገማል። ይሄ መፍትሄ የለውም። ሚሊተሪ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ድንኳን ስትገዙ ዘርግታችሁ የውስጡን ገጽ በጣታችሁ ዳስሱ፣ አሽትቱ። ከተጣበቀ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

የራሳችሁን ከጉዞ በተመለሳችሁበት ቀን ዘርጉት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ በረንዳ ላይ ወይም ደረጃ መደገፊያው ላይ ጥላ ቦታ አስጡት፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አይዋል። ሲደርቅ በጠባቡ ከረጢት ሳይጠቀጠቅ ሰፊ የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ከመታጠፉ በፊት ስፌቱንና የገመዶቹን ማሰሪያ ዳስሱ፤ እርጥበት ዘግይቶ የሚለቀው እዚያ ላይ ነው።