ለፑል ስቲክ ርካሽና ጥሩ የጫፍ ቆዳ እንዴት ይመረጣል?

ከፑል ስቲክ አካል ነጯን ኳስ የሚነካት ጫፉ ላይ የተለጠፈው ቆዳ ብቻ ነው። የሚነካትም ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ነው። ቆዳው ከተበላሸ ስቲኩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አይረዳችሁም። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን፣ መንገድ ዳር ሸራ ወጥረው በሚሠሩ ፑል ቤቶች የማያቸው ስቲኮች አብዛኞቹ እንጨታቸው ደህና ነው። የተበላሸው ጫፋቸው ነው። አንዱ ተጨፍልቆ ጠርዙ ወደ ጎን ወጥቷል። ሌላው አብረቅርቆ፣ እንዳያዳልጥ የሚቀባውን ቾክ መያዝ አቁሟል። ጭራሽ ቆዳ የሌለውም አለ።

ይህን ለማስተካከል ብዙ ብር አያስፈልግም። ርካሽ ቆዳ በደንብ ከተመረጠ ለሰፈር ጨዋታ ከበቂ በላይ ነው። ዋናው ሥራ ምርጫው ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

መጀመሪያ ለኩ

የፑል ስቲክ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 13 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ለስኑከር የተሠራ ከሆነ ወደ 9 ወይም 10 ይወርዳል። የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። የምትገዙት ቆዳ ከጫፉ ጋር እኩል ወይም በትንሹ የሚበልጥ ይሁን። የሚበልጠው ይከረከማል። የሚያንሰውን ግን አትግዙ፤ ከቆዳው ሥር ያለው ነጭ ቀለበት ጠርዙ ተጋልጦ ይቀርና ይሰነጠቃል።

ስቲካችሁ በብሎን የሚገባ ጫፍ ካለው፣ ቆዳው ከነነሐሱ ነው የሚሸጠው። የነሐሱ ጥርስ ካልተበላ ሙሉውን መቀየር ብር መጣል ነው። አሮጌውን ቆዳ ልጣችሁ አንስታችሁ በዚያው ነሐስ ላይ አዲስ ለጥፉ።

የትኛው ዓይነት?

ሁለት ዓይነት ቆዳ አለ። አንደኛው ከአንድ ወጥ ቆዳ ተቆርጦ የተጨመቀ ነው። ሁለተኛው ስስ ቆዳ በሙጫ ተደራርቦ የሚሠራ ነው፤ ከአሳማ ቆዳ የሚሠራው የጃፓኑ ካሙይ በዚህ ይታወቃል። ተደራራቢው ጥሩ ዕቃ ነው። አንዱ ፍሬ ከሌላው ፍሬ ብዙም አይለይም፤ ቅርጹንም ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል። ግን በአንድ ካሙይ ዋጋ ከወጥ ቆዳዎቹ አንዱ የሆነው ኤልክ ማስተር ከአሥር በላይ ይገዛል። የራሱ ስቲክ ያለው፣ በቦርሳ ይዞ የሚዞር ሰው ይግዛው። በቀን ስንቱ እጅ የሚገባ፣ ብሬክ (ኳሶቹን የሚበትነው የመክፈቻ ምት) የሚመታበት፣ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ መሬት የሚደቃበት የፑል ቤት ስቲክ ላይ መለጠፍ ግን ለኔ ብክነት ነው።

ከወጥ ቆዳዎቹ በብዛት የሚታወቁት ኤልክ ማስተር፣ ለ ፕሮፌሽናልና ትሪያንግል ናቸው። ሦስቱንም የሚያመርተው ትዊተን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኤልክ ማስተር ለስላሳ ነው፤ ሁለቱ ጠንከር ይላሉ። ኤልክ ማስተር ሰማያዊ ስለሆነ ሰማያዊ የተነከረ ቆዳ ሁሉ በስሙ ይጠራል። በቀለሙ አትመኑ። ስም በሌለው ፌስታል የሚሸጠውም መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ከታች የምጽፈውን ፈተና ይለፍ።

ለስላሳ ቆዳ ብዙ ስፒን ይሰጣል፣ ማለትም ኳሷን ይበልጥ ያሽከረክራል፣ የሚል ወሬ በየፑል ቤቱ ትሰማላችሁ። እኔ አልስማማም። ስፒን የሚመጣው ነጯን ኳስ ከመሃሏ ምን ያህል ርቃችሁ እንደመታችኋት ነው። 57 ሚሊሜትር ስፋት ባላት መደበኛ ኳስ ላይ ከመሃል 14 ሚሊሜትር ገደማ ካለፋችሁ የትኛውም ቆዳ ያዳልጣል። የለስላሳው ጥቅም ቾክ አጥብቆ መያዙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቶሎ መጨፍለቁ ነው። በተለይ ክረምት ላይ፣ ከሸራ ሥር እርጥበት ሲገባው ይብስበታል። ስለዚህ ለኛ አካባቢ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለውን እመርጣለሁ።

ከሳጥኑ ውስጥ መምረጥ

የርካሽ ቆዳ ችግር መጥፎ መሆኑ አይደለም። አንዱ እንደ ሌላው አለመሆኑ ነው። ከእንስሳው ጀርባ የተቆረጠው ጥብቅ ነው፤ ከሆዱ በኩል የተቆረጠው የላላ ነው። ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። መርጦ የሚገዛ ሰው በአንድ ዋጋ ከሚሸጥ ሁለት ዓይነት ዕቃ ፊት ቆሟል ማለት ነው። ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው፣ ወንድሜ» ሊላችሁ ይችላል። «እሺ ጋሼ፣ ትንሽ ልምረጥ ብቻ» በሉትና አፍሱ።

በዓይን ጀምሩ። ጎኑ ላይ የተሰነጠቀ ወይም ክሩ የተበተነ ከሆነ ወዲያ በሉት። ቁመቱን ደግሞ እርስ በርስ አስተያዩ፤ አንድ ወገኑ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ቆዳ ስትለጥፉት ተንጋዶ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ጎኑን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን አድርጉት። ጥፍራችሁ ጠልቆ ከገባና ምልክቱ ከቀረ የላላ ነው። ጭራሽ ምልክት የማይቀበለው ደግሞ በሙጫ የደረቀ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቾክ አይዝም። የምትፈልጉት በመካከል ያለውን ነው፤ ስትጫኑት ትንሽ እሺ ብሎ ወዲያው የሚመለሰውን።

ከዚያ ድምፁን ስሙ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ነው። ከባንኮኒው መስታወት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ጣሉት። ጥብቁ ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ይነጥራል። የላላው ደፍ ብሎ ይቀራል። አንዱን ብቻ ጥላችሁ ምንም አይገባችሁም። አምስት ስድስት በተከታታይ ስትጥሉ ግን ልዩነቱ ለጆሮ ግልጽ ነው። ድምፃቸው የተቀራረበውን ለብቻ ሰብስቡ። የአንድ ፑል ቤት ስቲኮች ሁሉ ተመሳሳይ ቆዳ ሲኖራቸው «እሷን ስቲክ ስጠኝ» የሚለው ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

የወርቅ ሚዛን የምታገኙ ከሆነ መመዘንም ይቻላል። ስፋትና ቁመታቸው እኩል ከሆነ ከበድ ያለው ይበልጥ የታመቀ ነው። ሚዛን ከሌለ ግን አትጨነቁ፤ ጆሮ ይበቃል።

ከዳር ሰፈር ለምንኖር ሰዎች አንድ ምክር አለኝ። ለአንድ ቆዳ ብላችሁ ሜርካቶ ወይም ስታዲየም ዙሪያ ድረስ አትሂዱ። የታክሲው ከቆዳው ይበልጣል። ከጎረቤት ፑል ቤቶች ጋር ተነጋግራችሁ ሙሉ ሳጥን ግዙ። ጠንከር ያለውንና ለስለስ ያለውን ቤት ስትደርሱ ለዩት። ጠንከር ያለውን ለብሬክ መምቻ፣ ለስለስ ያለውን ለጨዋታ መድቡ።

ከጫማ ሰፊ ቢወሰድስ?

ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር ስለሆነ በግልጽ ልናገር። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት በዓለም የተመሰገነ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ስስ ነው፤ አይሆንም። ቀበቶም አይሆንም፤ የብዙ ቀበቶ ውስጡ ካርቶን ወይም ተፈጭቶ የተጣበቀ ቆዳ ነው። የሚሆነው ለጫማ ሶል የተዘጋጀ ወፍራም የከብት ቆዳ ነው። ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ይኑረው። ቆርጣችሁ ጎኑን እዩ፤ ክሩ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ከታየ እውነተኛ ቆዳ ነው። ከዚያ ጋራዥ ወይም ብረት ሥራ ቤት ወስዳችሁ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሃል በሞርሳ ጨምቁትና አሳድሩት። ሳይጨመቅ ከለጠፋችሁት በጥቂት ብሬክ ይጨፈለቃል።

ማጣበቅ

አሮጌውን በምላጭ አንሱ። የሙጫውን ቅሪት ፍቃችሁ ጨርሱት። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለቱም ገጽ ፍጹም ጠፍጣፋ መሆኑ። የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ወይም ሴራሚክ ላይ ዘርግታችሁ የቆዳውን ሥር እሱ ላይ ክብ እያዞራችሁ አሹት። ፋብሪካው ሥሩን አለስልሶት ከሆነ ሙጫ አይዘውም። ነጩን ቀለበትም በቀስታ አስተካክሉ፤ ስቲኩን ቀጥ አድርጋችሁ ካልያዛችሁ ጠርዙ ይበላል። ሁለቱን ሳታጣብቁ ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሱ። በመሃላቸው ብርሃን ካለፈ እንደገና አሹ። ሰው ሁሉ «ሙጫው ነው መጥፎ» ይላል። ቆዳው ተነቅሎ የሚበረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው።

ሱፐር ግሉ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ወፈር ያለው ጄል ከቀጭኑ ይሻላል። ማስቲሽ አልወድም፤ ከደረቀ በኋላም ስለሚለጠጥ ቆዳው ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይሄዳል። ስቲኩን ገልብጣችሁ መሬት ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ጫን አድርጋችሁ ያዙትና አሳድሩት። «ደርቋል» ብላችሁ ወዲያው ብሬክ አትምቱ።

በማግስቱ ቆዳውን ሳንቃ ላይ ደፍታችሁ፣ ስቲኩን እያዞራችሁ ትርፉን ከላይ ወደ ታች በስለታም ካተር ከርክሙ። ከታች ወደ ላይ ከጀመራችሁ የቆዳውን ጠርዝ ትገነጥሉታላችሁ። አናቱን በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጉ። የክቡ ልክ ወደ 21 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ሳንቲም ጠርዝ ጋር ሲገጥም ጥሩ ነው። 25 ሳንቲም ለዚህ ትቀርባለች፤ የአንድ ብሩ ሳንቲም ትልቅ ነው። ጎኑን በትንሽ ውሃ አርሳችሁ በቁራጭ ቆዳ እስኪያብረቀርቅ አሹት፤ እንዲህ የታሸ ጎን ቶሎ አይሰፋም።

ከዚያ በኋላ አቧራውን ጠብቁ። ኮብልስቶን ባልደረሰበት ሰፈር አቧራው ከቾኩ ጋር ተቀላቅሎ አናቱን ያደርቀዋል። ማብረቅረቅ ሲጀምር በብርጭቆ ወረቀት በትንሹ ቧጨር አድርጉት፤ በየቀኑ መፋቅ ግን ቆዳውን መጨረስ ነው። ጎኑ 2 ሚሊሜትር ያህል ሲቀረው ቀይሩት። ከዚያ ካነሰ የብሬኩ ምት ነጩ ቀለበት ላይ ያርፋል። ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ቶርኖ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል፤ የሚጠይቃችሁም የብዙ ቆዳ ዋጋ ነው።