ደጋ አጋዘን ፍለጋ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ተራሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው

ባሌ ላይ ቶሎ የሚሸነፈው «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ የሚወጣው የአዲስ አበባ ሰው ነው። አራት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ 3,100፣ የሳነቴ አምባ 4,000፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ስለዚህ በታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ 8 ዲግሪ ከሆነ ሳነቴ ከዜሮ በታች ነው፤ ሜዳው ገላጣ ስለሆነና ሰማዩ ስለሚጠራ እንዲያውም ከስሌቱ በላይ ይወርዳል። ለጀማሪ የሚሻለው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ደረቅ ነው።

ፍለጋው ሩቅ በሚያቀርብ መነጽርና በካሜራ ነው። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ፓርኩ ውስጥ ማደንም ክልክል ነው። ዝግጅቱ ግን ከአዳኝ ዝግጅት አይለይም።

እግር

ስድስት ሳምንት ይበቃል። ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ውጡ። ጫፉ 3,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከዲንሾ ጋር ይስተካከላል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ መጀመሪያ ባዶ ጀርባ፣ ከሦስተኛው ሳምንት 5 ኪሎ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት 8 ኪሎ ተሸክማችሁ። ሸክሙ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ይሁን፤ ጉልበታችሁን ካመማችሁ ጫፍ ላይ ደፍታችሁት ትወርዳላችሁ። ጉልበታችሁ ሲበረታ ግን ቁልቁለቱንም ከነሸክሙ ልመዱት፤ ጭን የሚንቀጠቀጠውም የእግር ጥፍር የሚጠቁረውም ሲወረድ ነው።

ጫማ በመጨረሻው ሳምንት አይገዛም። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡትስ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ፤ ጣታችሁን ወደ ፊት ገፍታችሁ ስትቆሙ ተረከዝ በኩል አንድ የእጅ ጣት መግባት አለበት። መርካቶ ሚሊታሪ ተራም ሆነ ቦንዳ ስትገዙ ቆዳውን ትታችሁ ሶሉን መርምሩ። የጎኑን ለስላሳ ክፍል በአውራ ጣት ጥፍር ተጫኑት። ጥፍሩ አሻራ ጥሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ እንደ ደረቅ ዳቦ ከፈረፈረ ግን ጫማው ብዙ ዓመት መጋዘን ተቀምጧል ማለት ነው። አስፋልት ላይ ደህና ይመስላል፣ በሁለተኛው ቀን እርጥብ ሣር ላይ ሶሉ ተገንጥሎ ይቀራል። ሳነቴ ደግሞ መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ ስለሆነ ላላ ባለ ጫማ መሄድ ቁርጭምጭሚትን መማገድ ነው።

ልብስ

ጋቢ ይያዝ፣ ግን ለድንኳን ውስጥ ብቻ። ጥጥ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፤ ላብ ወይም ዝናብ ከጠጣ ከመልበስ ማውለቅ ይሻላል። ለጉዞ ከሥር ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ቲሸርት፣ መሐል የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬት። የገጠሩ ሰው በርኖስ የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የበግ ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ስትነሱ ትንሽ እየበረዳችሁ ጀምሩ። ሞቋችሁ ከጀመራችሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጀርባችሁ ይረጥብና መነጽር ይዛችሁ ስትቀመጡ ላቡ ይቀዘቅዛል። ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ ወይም ስትከራዩ የሚጻፉት ቁጥሮች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ትንሹ በሕይወት የሚያቆያችሁ ነው፣ የምትተኙበት «ኮምፎርት» የሚለው ነው። እሱ ከዜሮ በታች 5 ወይም ከዚያ ዝቅ ይበል። ከሥሩ ፍራሽ ከሌለ ግን የትኛውም አይጠቅምም፤ ቅዝቃዜው ከመሬት ነው የሚመጣው።

ስንቅ

4,000 ሜትር ላይ ውኃ 87 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ባቄላና ምስር ነዳጅ ጨርሰው ጥሬ ይቀራሉ። የኛ ሰው ስንቅ ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ለአንድ ሰው በቀን በሶ 150 ግራም፣ ቆሎ 150 ግራም፣ ድርቆሽ 200 ግራም፣ ሽሮ 60 ግራም፣ ስኳር ወይም ማር፣ እና 3 ሊትር ውኃ። ለማይጾም ቋንጣና ጭኮ ይጨመራል፤ ጭኮ ቅቤ ስላለው በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ጾም ላይ ከወደቀ ሱፍና ተልባ የቅባቱን ቦታ ይይዛሉ፤ በሶውን በስኳር በጥብጡት። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ስለዚህ ቆሎው ኪስ ውስጥ ይሁን። ምግብ ማብሰያ ምድጃ ያዙ፤ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጦ ማንደድ አይፈቀድም። በአውሮፕላን ወደ ሮቤ የሚሄድ ሰው የጋዝ ጣሳ አይጭንም፣ ነዳጁን እዚያው ይፈልግ።

ከፍታ

መንገዱ በአዳማ፣ በአሰላና በዶዶላ ያልፋል፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ ንጋት ላይ ስለሚነሳ ትኬቱን ቀድማችሁ ቁረጡ፤ የመንገዱንም ሁኔታ በዋዜማው ከሹፌሮች ጠይቁ። ትልቁ ስሕተት በደረሱበት ማግሥት በመኪና ሳነቴ መውጣት ነው። ዲንሾ ሁለት ሌሊት እደሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጡ ከፍ ብላችሁ አትደሩ፤ በማግሥቱ ካልተሻለ ቢያንስ 500 ሜትር ውረዱ። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ሌሊትም ቢሆን ይወረዳል። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል የሚወሰደው አሴታዞላማይድ በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ፍለጋው

የመጀመሪያው ቦታ ሳነቴ ሳይሆን ዲንሾ አጠገብ ያለው የጋይሳይ ሜዳና የጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ የኮሶና የጥድ ደን ነው። ሰዓቱ ከንጋቱ 12 እስከ 3፣ ከዚያም ከቀኑ 10 እስከ 12 ነው፤ መሐሉን ተኙበት። 8 ጊዜ የሚያቀርበው 8×42 መነጽር ለጀማሪ 10 ጊዜ ከሚያቀርበው 10×42 ይሻላል፤ ትንፋሽ የቆረጠው ሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ 10ው ምስሉን ይበልጥ ያዘልላል። ተቀመጡ፣ ክርን ጉልበት ላይ ይረፍ፣ ጭቁኝ የሚባለውን ቁጥቋጦ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ ቃኙ። ሙሉ እንስሳ አትጠብቁ፤ የሚታየው ትልቅ ጆሮ፣ በዓይኖቹ መሐል ያለ ነጭ መስመር፣ የቀንድ ጫፍ ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም፣ ስለዚህ ጀማሪ በዓይኑ ሥር ያልፋታል። ከ180 እስከ 300 ኪሎ የሚመዝነው ወንዱም ጭቁኝ ውስጥ ከቆመ እንደዚያው ነው።

ነፋስ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ የጥጥ ክር መነጽሩ ላይ እሰሩ። ማለዳ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ስለሚወርድ ከሥር ሆናችሁ ቅረቡ፤ ፀሐይ ገደሉን ካሞቀች በኋላ አየሩ ሽቅብ ስለሚሄድ ከላይ። ክሩ ወደ እንስሳው ከዞረ ቀና ብሎ ሳያያችሁ ሽታችሁ ይደርሰዋል፤ ዙሩ ወይም ተዉት።

አስጎብኚና ፈረስ ዲንሾ ይገኛል፤ አገሩን የማያውቅ ሰው ብቻውን አይግባ፤ ጭጋግ ሲወርድ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሁሉ አንድ ይሆናል። ቢሆንም ካርታ ስልክ ላይ አውርዱ፣ 1:50,000 የወረቀት ካርታም ከተገኘ ያዙ፤ እሱ ላይ 2 ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር።

በመጨረሻው ቀን ቦርሳውን ሞልታችሁ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ሂዱ። አንዴ ከነቦርሳው፣ አንዴ ያለ ቦርሳ ቆማችሁ ልዩነቱን አስሉ። የቀን ቦርሳ ከ7 ኪሎ ካለፈ የፈረስ ጭነት ውስጥ የሚገባ ነገር አለበት፤ ዝናብ ልብሱ፣ ውኃው፣ ቆሎውና ባትሪው ግን ጀርባችሁ ላይ ይቅሩ፤ ፈረሱ ሁልጊዜ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው።