ወባ ለያዘው ሰው ከፊልም ይልቅ ትረካ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ወባ ስለሚበረታ፣ አልጋ ላይ ውሎ የሚያድር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ፊልም ከመክፈት ይልቅ የሬዲዮ ድራማ ወይም የልብ ወለድ ትረካ ማሰማት ይሻላል፤ ራሱን የሚያመው ሰው የስልክ ብርሃን ያስጨንቀዋል፣ ትረካ ግን ዐይንን ጨፍኖ፣ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮም ይደመጣል።

ሕመምተኛው ከዚህ በፊት የሰማውን ታሪክ ቢመርጡለት መልካም ነው፤ ትኩሳት ያለበት ሰው በየመሃሉ ስለሚያሸልበው፣ አዲስ ታሪክ ሲያመልጠው ይበሳጫል። ለአዛውንቶች ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተርክ እንደነበረው ያለ፣ ሳይቸኩል የሚነበብ ሥራ ይስማማቸዋል። መብራት ሳይጠፋ አስቀድመው ስልኩ ላይ ያውርዱት፤ ስልኩንም ትራስ ሥር ሳይሆን በርጩማ ላይ ያስቀምጡት። የጆሮ ማዳመጫ ባይጠቀሙ እመርጣለሁ፤ አስታማሚውም አብሮ ይሰማል፣ እሱም ይሰለቻልና።

ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ክኒኑን ለሦስት ቀን ጧትና ማታ ከምግብ ጋር መውሰድ ስላለበት፣ የትረካውን የጧትና የማታ ክፍል ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ብቻ መክፈት ሰዓቱን ለማስታወስ ይረዳል፤ ትኩሳቱ ስለበረደለት የቀረውን ክኒን የሚተው ጥቂት አይደለምና። ሕመምተኛው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከዘባረቀ ወይም ሲጠሩት መልስ ካጣ ግን ድራማውን ዘግተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።