በበዓል ውክቢያ መሃል የገና የፍቅር ልብወለድ አንብቦ መጨረስ

ቀለል ያለ የገና የፍቅር ልብወለድ ለተቆራረጠ ጊዜ ይመቻል። መጨረሻው ከመነሻው የታወቀ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ይገናኛሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይጋጫሉ፣ በዓሉ ሳያልፍ ይታረቃሉ። የአሜሪካ የፍቅር ልብወለድ ደራስያን ማኅበር ዘርፉን የበየነው በሁለት መስፈርት ብቻ ነው፤ የታሪኩ ማእከል ፍቅር መሆን አለበት፣ አጨራረሱም የሚያረካና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። አንባቢው እንደ ወንጀል ልብወለድ ፍንጭ በአእምሮው ተሸክሞ መዋል አይጠበቅበትም። «እንዴት ይታረቁ ይሆን?» የምትለዋ ጥያቄ ለሁለት ቀን ብትቋረጥም አትጠፋም።

ማቋረጥ የሚጎዳው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው አንድ አሥረኛና የመጨረሻው ሩብ። በመጀመሪያው አሥረኛ ውስጥ ስሞች፣ ዝምድናዎችና የሁለቱ የመጀመሪያ ግንኙነት በአንድ ላይ ይመጣሉ። በመጨረሻው ሩብ ደግሞ ጠቡና እርቁ አሉ። ለእነዚህ ሁለቱ ሰፊና ያልተቆራረጠ ጊዜ መድቡ፤ መሃሉን ባገኛችሁት ክፍተት ሁሉ አንብቡት። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ይህን እንዴት እንደምታደርጉ ነው።

ርዝመቱን ከጊዜያችሁ ጋር አስተያዩ

በበዓል ሰሞን መጽሐፍ ሳይጠናቀቅ የሚቀርበት ዋናው ምክንያት ከጊዜው በላይ ረጅም መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ ልብወለድ የሚያነብ አዋቂ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሆነ በደቂቃ 250 ቃል ገደማ ይሄዳል። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው 150 ብሎ ማስላት ይሻላል። በአማርኛ አንድ ቃል ውስጥ ባለቤቱም፣ ተሳቢውም፣ መስተዋድዱም ስለሚታጨቁ የቃል ቁጥሩ ያንሳል፤ ስለዚህ በገጽ ለኩ። 10 ደቂቃ በተለመደው ፍጥነታችሁ አንብቡና ስንት ገጽ እንደሄዳችሁ ቁጠሩ፤ የመጽሐፉን ገጽ ብዛት በዚያ ቁጥር አካፍላችሁ በ10 ስታባዙ የሚያስፈልጋችሁ ጠቅላላ ደቂቃ ይወጣል።

25,000 ቃል ያለው ኖቬላ (ከአጭር ታሪክ የሚረዝም፣ ከሙሉ ልብወለድ የሚያጥር) በደቂቃ 250 ቃል ለሚያነብ 100 ደቂቃ ይፈጃል። 50,000 ቃል ያለው አጠር ያለ ልብወለድ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ 80,000 ቃል ያለው ሙሉ ልብወለድ ደግሞ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። በደቂቃ 150 ለሚያነብ ያው 80,000 ቃል ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል።

አሁን ጊዜያችሁን ቁጠሩ፤ ግን ሳታጋንኑ። ለ14 ቀን በየቀኑ 20 ደቂቃ ብትሉ 280 ደቂቃ ነው። እንግዳ የሚመጣበት፣ መንገድ የሚኬድበት፣ ደክሞ የሚተኛበት ቀን አለና ሲሶውን ቀንሱ፤ ወደ 190 ደቂቃ ይቀራል። ይህ ለአንድ የ45,000 ቃል መጽሐፍ ወይም አጠር ላሉ ሁለት ኖቬላዎች ይበቃል። 400 ገጽ ያለውን መጽሐፍ በዚህ ጊዜ መጀመር ራስን ማስጨነቅ ነው፤ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር።

ከዚያም ያነሰ ጊዜ ያለው ሰው የአጫጭር ታሪኮች መድበል ይውሰድ። 10,000 ቃል ያላት ታሪክ 40 ደቂቃ ናት፤ ማታ ተጀምራ ማታውኑ ታልቃለች።

ስትመርጡ የሚታዩ ነገሮች

የጀርባ ሽፋኑን ማስታወቂያ ስታነቡ የታሪኩን መነሻ ፈልጉ። በዚህ ዘርፍ መነሻዎቹ ጥቂትና የታወቁ ናቸው፦ ለቤተሰብ ሲባል የውሸት እጮኛ መሆን፣ በበረዶ መንገድ ተዘግቶ አብሮ መቅረት፣ የማይዋደዱ ሁለት ሰዎች አንድ ሥራ ላይ መጣመድ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማ ተመልሶ የቀድሞ ፍቅረኛን ማግኘት። የምትወዱትን ምረጡ። ተከታትለው የሚነበቡ ሁለት መጻሕፍት ግን አንድ ዓይነት መነሻ አይኑራቸው፤ በሦስተኛው ቀን የአንደኛውን መጽሐፍ ሴት ከሁለተኛው መጽሐፍ ወንድ ጋር ማምታታት ትጀምራላችሁ። የውሸት እጮኛውን ካነበባችሁ ቀጥሎ የበረዶውን ያዙ።

መቼቱንም እዩ። በታኅሣሥ አጋማሽ በረዶና ምድጃ የምትፈልጉ ከሆነ አውስትራሊያ ወይም ኒውዚላንድ ውስጥ የሚካሄድ የገና ታሪክ አይሆናችሁም፤ እዚያ ገና የሚውለው በበጋ ነው።

የመኝታ ቤት ትዕይንት ምን ያህል ገላጭ እንደሆነ በሽፋኑ ሥዕል መገመት አይቻልም። በካርቱን የተሳለ ደስ የሚል ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት ውስጥ በጣም ገላጭ የሆኑ አሉ። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት መግለጫ ላይ «ስዊት» ወይም «ክሊን» የሚል ቃል ካለ ከመሳሳም አያልፍም ማለት ነው፤ «ክሎዝድ ዶር» ካለ በሩ ተዘግቶ ትዕይንቱ ይታለፋል፤ «ስቲሚ» ካለ አይታለፍም። በድምፅ ልታዳምጡት፣ ያውም ልጆች ባሉበት ቤት፣ ካሰባችሁ ይህን አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሐዘን ነው። የገና ፍቅር ታሪኮች ሚስቱ የሞተችበትን አባት ወይም እናቷ ካረፈች ወዲህ በዓል የጠላችን ልጅ አዘውትረው ያመጣሉ። በቅርቡ ሰው ያጣ አንባቢ ቀላል ነገር ፍለጋ ገብቶ ራሱን እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሊያገኘው ይችላል። የጀርባውን ማስታወቂያና የይዘት ማስጠንቀቂያ ካለም እሱን አንብቡ፤ ለሌላ ሰው በስጦታ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አጥብቃችሁ አንብቡ።

መጽሐፉ የተከታታይ አካል መሆኑንም አረጋግጡ። የገናው ቅጽ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንድ ከተማ ወይም አንድ ቤተሰብ ከተዋወቀ በኋላ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ ነው። ለብቻው ሊነበብ ይችላል፤ ነገር ግን የቀደሙት ጥንዶች ሁሉ ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው ማዕድ ላይ ይቀመጣሉ። የማን ሚስት ማን እንደሆነች ለመለየት ስሞቹን ዕልባት በምታደርጉት ወረቀት ላይ ጻፏቸው። አምስት ስም ከበቂ በላይ ነው።

የኪንድል (የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ነጻ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ የመጽሐፉን አንድ አሥረኛ ያህል ይሰጣል፤ በትክክል የምትፈልጉት ክፍል ነው። ናሙናው ሲያልቅ ሁለቱ ሰዎች ካልተገናኙ ወይም ንግግራቸው ፈገግ ካላሰኛችሁ ተዉት። ቀላል ልብወለድ የሚቆመው በምልልሱ ነው፤ ምልልሱ መጀመሪያ ላይ ከደረቀ ኋላም አይለመልምም።

ከቤተ መጻሕፍት የምትዋሱ ከሆነ ወረፋውን ከጥቅምት ጀምሮ ያዙ፤ የገና መጻሕፍት በታኅሣሥ ሁሉም ሰው ይፈልጋቸዋል። እንደ ሊቢ ባለ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት መተግበሪያ ተራችሁ ቶሎ ከደረሰ ወረፋችሁ ሳይጠፋ ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይቻላል። ሦስት መጽሐፍ በአንድ ቀን ደርሶ የውሰት ጊዜው ሦስቱም ላይ አብሮ እንዳያልቅ በዚህ ተጠቀሙ።

የት ላይ ማቆም

የምዕራፍ መጨረሻ ለማቆም ጥሩ ቦታ ይመስላል። አይደለም። ደራሲዎቹ ምዕራፍ የሚዘጉት አንባቢው እንዳያቆም አድርገው ነው፤ በር ይንኳኳል፣ መልእክት ይመጣል፣ አንድ ሰው ያልተጠበቀ ነገር ይናገራል። 15 ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው እዚያ ሲደርስ ወይ ይቀጥልና ሥራው ይስተጓጎላል፣ ወይ ልቡ ተንጠልጥሎ ይነሳል። የሚሻለው ቀጣዩን ምዕራፍ ከፍቶ የተንጠለጠለው ነገር እስኪፈታ አንድ ሁለት ገጽ ማንበብና ረጋ ያለ አንቀጽ ላይ ማቆም ነው። ስትመለሱም ትዕይንቱ መሃል ስለምትገቡ ለማስታወስ አትቸገሩም።

ብዙዎቹ መጻሕፍት ምዕራፍ በምዕራፍ በእሷና በእሱ ዓይን ይፈራረቃሉ። «እኔ» የሚለው ተራኪ ማን እንደሆነ ሳያዩ መቀጠል የተለመደ ስህተት ነው። ከእረፍት ስትመለሱ የምዕራፉን ርእስ አንድ ጊዜ ተመልከቱ፤ ስሙ እዚያ ይጻፋል።

ትልቁ ጠብ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 80 በመቶው ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መቶኛውን ያሳያችኋል፤ በወረቀት ከሆነ 240 ገጽ ባለው መጽሐፍ 180ኛው ገጽ ላይ ምልክት አድርጉ። እዚያ ስትደርሱ ነገ የምትፈልጉት የ20 ደቂቃ ክፍተት ሳይሆን አንድ ሙሉ መቀመጫ ነው፤ ለ50,000 ቃል መጽሐፍ 50 ደቂቃ። ጠቡ ላይ አቋርጠው ሦስት ቀን የቆዩ ሰዎች እርቁ ስሜት አልሰጠንም ብለው ደራሲውን ይወቅሳሉ፤ ቁጣው በርዷል፣ ይቅርታው የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ስልኩን ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ መጽሐፉን አውርዳችሁ በአውሮፕላን ሁነታ አንብቡ። ይህን ክፍል ማታ አልጋ ላይ አትጀምሩት፤ ወይ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፣ ወይ እንቅልፍ ታጣላችሁ። ለመኝታ ሰዓት የሚመቸው መሃሉ ነው።

እጅ ሥራ ሲይዝ ማዳመጥ

50,000 ቃል በድምፅ መጽሐፍ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በ1.25 ፍጥነት ወደ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወርዳል። ከ1.5 በላይ አትሂዱ፤ የምልልሱ ቀልድ በተናጋሪዎቹ ዝምታ ላይ የተመሠረተ ነውና ፍጥነቱ ይውጠዋል። ስጦታ ሲጠቀለል፣ ልብስ ሲታጠፍ፣ ቤት ሲጸዳ ይደመጣል። የመልካም ምኞት ካርድ ሲጻፍ ወይም ዝርዝር ሲሠራ ግን አይሆንም፤ ሁለቱም ቋንቋ ስለሚፈልጉ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል፣ ወይ ካርዱ ላይ የሰማችሁትን ትጽፋላችሁ ወይ ሙሉ ምዕራፍ ሳትሰሙ ያልፋል። ተኝታችሁ የምታዳምጡ ከሆነ ድምፁን በራሱ የሚያጠፋውን ሰዓት ቆጣሪ በ15 ደቂቃ ሙሉ፤ ጠዋት ወደ ኋላ የምትመለሱት ርቀት ያጥራል።

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ 90 በመቶ ላይ ድንገት ቢያልቅ አትደናገጡ፤ ቀሪው ብዙ ጊዜ የቀጣዩ መጽሐፍ ናሙና ነው። የመጨረሻውን መቀመጫ ከማስላታችሁ በፊት ማውጫውን ከፍታችሁ ታሪኩ በትክክል የት እንደሚያበቃ እዩ። ከመጨረሻው ምዕራፍ በኋላ «ከአንድ ዓመት በኋላ» የሚል ማሳረጊያ ካለ ለማግስቱ ጠዋት ማቆየት ይቻላል፤ አምስት ስድስት ገጽ ናት፣ ምንም ጠብ የላትም።

በዓሉ አልፎ መጽሐፉ ካላለቀ ያለበትን ቦታ እዩ። ከግማሽ ካለፋችሁ በዚያው ሳምንት ጨርሱት። ከግማሽ በታች ከሆነ ግን ዝጉትና የስሞቹን ወረቀት ውስጡ ትታችሁ አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ዓመት ከገጽ አንድ ጀምራችሁ ታነቡታላችሁ።